ያረጀ ውሻ አይሮጥም፣ ይንሸራሸራል

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባል ነኝ። ባለፈው እትም ስለ ችግኝ አጠጣጥ ጽፌላችሁ ነበር። በዚህ እትም ደግሞ ስለ ውሻ ልጽፍ ነው። "ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የክበባችን ልጆችም ስነግራቸው ስቀውብኛል። እኔ ግን ባለማወቄ አንድ ውሻ ልገድል ነበር። እናንተም እንደኔ እንዳትሳሳቱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን ሦስተኛው ግቢ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መስከረም ላይ ልጃቸው መጥቶ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። ቤቱ ተቆለፈ፤ ውሻቸው መከታ ግን በር ላይ ቀረ። ባለቤቱ የሚመለሱ መስሎት አምስት ቀን ሙሉ ከዚያ በር አልነሳም። ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ጅብ እስከ ሰፈር እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ጅብ በጮኸ ቁጥር እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ አባዬን "እኛ እናምጣው" ብዬ ለመንኩት።

"ያረጀ ውሻ አምጥተን ልንጦር ነው?" አለ።

እማማ ማለት አያቴ ናት። ከምድጃው አጠገብ ሆና "ብንጦረውስ? እኔንስ እየጦራችሁኝ አይደል?" አለችው። አባዬ ዝም አለ። መከታም በዚያው ቀን ግቢያችን ገባ።

እኔ ሩጫ እወዳለሁ። ለስፖርት ውድድር እየተለማመድኩ ስለነበር አብሮኝ የሚሮጥ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። መከታ በመጣ በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንገቱን በሲባጎ አስሬ ወደ በሬሳ ወንዝ ይዤው ወረድኩ። ቁልቁለቱን ከጎኔ ሳይለይ ሮጠ። "ታዲያ ማነው አርጅቷል ያለው?" አልኩ በልቤ። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሲባጎው ከበደኝ። እየጎተትኩት ሮጥኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ያደረግኩት እሱን ነው። ትንሽ ቆይቶ ሲባጎው ጭራሽ እምቢ አለ። ዞር ስል መከታ ወድቋል። ምላሱ ወይን ጠጅ መስሏል፤ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጮኬ አለቀስኩ።

አንድ ባለጋሪ ሲያልፉ አይተው ቆሙ። በጆንያ አድርገን ጫንነውና የእንስሳት ክሊኒክ አደረሱን። ገንዘብ እንኳ አልተቀበሉኝም። ሐኪሙ መከታን በጎኑ አስተኝተው ልቡን አዳመጡ፣ ድዱን አዩ፣ የኋላ እግሮቹን አንድ በአንድ አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። ጥርሱን አይተው "ወደ 10 ዓመት ሳይጠጋ አይቀርም" አሉ። ከዚያ የነገሩኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

"ውሻ 'ደከመኝ' ብሎ አይነግርሽም። የሚከተለው ሰው ከሮጠ ይሮጣል፤ እስኪወድቅ ይሮጣል። ስለዚህ ለሁለታችሁም ማሰብ ያለብሽ ገመዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ።"

መከታ ከአንድ ሰዓት በላይ አርፎ በእግሩ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሙን በተደጋጋሚ እየሄድኩ ጠየቅኳቸው። ከሳቸው የሰማሁትንና ከመከታ ጋር ስኖር ያየሁትን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

1. ያረጀ ውሻ ሰውነቱ ምን ይሆናል?

ትልልቅ ውሾች ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከ10 ዓመት ገደማ ጀምሮ እንዳረጁ ይቆጠራሉ። አፋቸው አካባቢ ይሸብታል። ዓይናቸው ሰማያዊ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ጆሯቸው ይደክማል። እነዚህን በዓይናችን እናያለን። ዋናው ለውጥ ግን ውስጥ ነው።

በመገጣጠሚያ ላይ በአጥንትና በአጥንት መካከል እንደ ፍራሽ የሚያገለግል ለስላሳ ነገር አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ፍራሽ ይሳሳል። ያኔ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ያማል። እማማ "ቁርጥማት" የምትለው ዓይነት ሕመም ውሻም አለው። ጡንቻውም ይቀንሳል፤ ልቡና ሳንባውም እንደ ድሮው አይሠሩም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ሲሞቀን በመላ ሰውነታችን እናልባለን። ውሻ ግን የሚያልበው በመዳፉ ትንሽ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የጤነኛ ውሻ ግን ከ38 እስከ 39 ይደርሳል። ስለዚህ ሲሮጥ ቶሎ ይግላል፤ ለመቀዝቀዝ ግን ጊዜ ይወስድበታል። ልቡ የደከመ ሽማግሌ ውሻ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

"እንግዲያው ተኝቶ ይዋል" እንዳትሉ። እኔም ከወደቀ በኋላ ፈርቼ ለሦስት ቀን ከግቢ አላወጣሁትም። ሐኪሙ ይህንንም ተቆጡኝ። ተኝቶ የሚውል ውሻ መገጣጠሚያው ይብስ ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ይወፍራል። ውፍረቱ ደግሞ ያንን የታመመ ጉልበት ይጫነዋል። መፍትሔው ትንሽ ትንሽ፣ በየቀኑ፣ ቀስ ብሎ መራመድ ነው።

2. ከመውጣታችሁ በፊት

አንደኛ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ልቡ፣ እግሩና ጥርሱ ይታይ። የሆድ ትላትል መድኃኒትም ይውሰድ። ከሁሉም በላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። አዲስ የመጣ ውሻ ከዚህ በፊት መከተቡን በምን ታውቃላችሁ? ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም እንስሳንም የሚገድል ነው። የትኛውም ውሻ ቢነክሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። "እናቴ ትቆጣኛለች" ብላችሁ አትደብቁ።

ይህን ታውቃላችሁ? የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ያበደ ውሻ ለነከሰው አንድ ልጅ ሰጥቶ ልጁ ድኗል። ልጁ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ከእኛ ያንሳል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቤታችሁን ይልመድ። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ አዲስ ውሻ ግራ ይገባዋል። እኔ ይህንን ሳልጠብቅ ነው ያስሮጥኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢ ብዙ አትራቁ። በየቀኑ በአንድ መንገድ ብቻ ውሰዱት። ገመዱንም አትፍቱለት፤ ወደ ድሮው ቤቱ ሊሮጥ ይችላል። መከታ እስከ አሁን በዚያ በር ስናልፍ ይቆማል። እኔም ትንሽ እቆምለታለሁ።

ሦስተኛ፣ አንገቱን በሲባጎ አትሰሩ። ሲባጎ ሲጎተት ጉሮሮን ያንቃል፣ ያስላል። ሰፊና ለስላሳ ነገር በደረቱ ዙሪያ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ አዙሮ ማሰር ይሻላል። እማማ አሮጌ መቀነቷን ሰጥታኝ አባዬ በመርፌ ሰፍቶ አስተካከለው። በመቀነቱና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከዚያ ከጠበቀ ይፍቀዋል፤ ከላላ ደግሞ ሾልኮ ይወጣል።

አራተኛ፣ ጥፍሩን እዩ። ጥፍሩ ከረዘመ እግሩን አጣሞ ይረግጣል፤ ይህ ደግሞ መገጣጠሚያውን ያሳምመዋል። ለማስቆረጥ ትልቅ ሰው ወይም ሐኪም ያስፈልጋል፤ ጥፍሩ ውስጥ የደም ሥር አለና በራሳችሁ አትሞክሩ።

አምስተኛ፣ በልቶ ወዲያው አይውጣ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። የወጥ ትራፊም አትስጡት። ወጣችን ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። እኛ ቤት አሁን ለመከታ ተብሎ ሽንኩርት የሌለው ይቀመጥለታል።

3. ስንት ደቂቃ?

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይባል የለ? የኔ ነገር እንደዚያ ነበር። ሐኪሙ ለመከታ ያወጡለት ፕሮግራም ይህ ነው፦

የመጀመሪያው ሳምንት፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ።
ሁለተኛው ሳምንት፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 8 ደቂቃ።
ሦስተኛው ሳምንት፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 12 ደቂቃ።

ከዚያ በኋላ የሚጨመረው በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሱም ከቻለ። የናንተ ውሻ ከዚህ ያነሰም የበለጠም ሊችል ስለሚችል ሐኪም ጠይቁ። ይህ የመከታ ልክ ነው።

መቻሉን በምን እናውቃለን? ሐኪሙ "የነገ ጠዋት ፈተና" ብለው ያስተማሩኝ ዘዴ አለ። ዛሬ በደንብ ስለተራመደ ብቻ አለፈ ማለት አይደለም። ውጤቱ የሚወጣው ነገ ጠዋት ነው። ከመኝታው ሲነሳ እንደ ወትሮው ከተነሳ አልፏል። ለመነሳት ከተቸገረ፣ ካነከሰ ወይም "አልወጣም" ካለ ግን የትናንቱ በዝቶበታል ማለት ነው፤ የዛሬውን በግማሽ ቀንሱ። እኔ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደቂቃውንና የጠዋቱን ውጤት እመዘግባለሁ። እስካሁን መከታ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ደቂቃ ጨምሬበት ነው።

በመንገድ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች በጣም ቀስ በሉ፤ ሰውነቱ ይሟሟቅ። መጨረሻ ላይም እንደዚሁ። ስፖርት ከመጀመራችን በፊት መምህራችን እንደሚያሠሩን ማሟሟቂያ ማለት ነው። ከፊቱ አትሂዱ። ከጎኑ ወይም ትንሽ ከኋላው ሁኑ፤ ፍጥነቱን እሱ ይምረጥ። ቆም ብሎ ሣር ሲያሸት አትጎትቱት። ማሽተት ለውሻ ጋዜጣ እንደ ማንበብ ነው፤ አእምሮውን ያሠራለታል፤ እግሩም በዚያው ያርፋል።

4. መቼና የት?

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ናት። ብርዱን ማንም አይነግራችሁም። ብርድ የታመመ መገጣጠሚያን ያደርቃል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሳይለቅ ውሻውን አታውጡ። እማማም ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ ጉልበቷ እሺ አይላትም። የመከታን ነገር ስነግራት "ታዲያ እኔን በጠዋት ተነስተሽ ሩጪ ብትይኝ እሮጣለሁ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አወጣዋለሁ። እህቴ የጠዋት ፈረቃ ናት፤ ስለዚህ የ10 ሰዓቱ የእሷ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አናወጣውም። ቆላ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ አስቀምጡ። እጃችሁን ካቃጠለው የውሻውንም መዳፍ ያቃጥለዋል። ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ፈጽሞ አትውጡ። ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ ጅብ ያረጀ ውሻ አይምርም። እናንተንም ያስፈራል።

የት ለሚለው፣ ሣር ወይም ደልዳላ አፈር ጥሩ ነው። ኮብልስቶን ይቆረቁረዋል፣ ያዳልጠዋል። ጭቃ፣ ደረጃና ቁልቁለት ለደከመ ጉልበት አደጋ ናቸው። ቁልቁለት ቀላል ይመስላል፤ ግን የሰውነቱ ክብደት ሁሉ የፊት እግሩ ላይ ይወድቃል። ደግሞም የወረዳችሁትን ዳገት መመለስ አለ። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ስለዚህ ርቀቱን ስትቆጥሩ መመለሻውንም ቁጠሩ።

በሃይላንድ ውሃ ያዙለት። ለመጠጫ ከተቆረጠ ጀሪካን ግርጌ የተሠራ ሳህን ይበቃል። ትንሽ ትንሽ ይጠጣ።

5. "አቁሙ" የሚሉ ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ "ትንሽ ብቻ ቀረን" ሳትሉ ወዲያው አቁሙ፦

ሀ. ወደ ኋላ መቅረት። ገመዱ ከተወጠረ ውሻው እየነገራችሁ ነው። እኔ ያላዳመጥኩት ይህንን ነው።
ለ. በመሃል መንገድ መቀመጥ ወይም መተኛት።
ሐ. ማነከስ፣ መደናቀፍ፣ የኋላ እግርን መጎተት።
መ. ካረፈ ከ10 ደቂቃ በኋላም ያልቆመ ማለክለክ።
ሠ. ሳል ወይም ማስመለስ።
ረ. የድድ ወይም የምላስ ቀለም መለወጥ። ጤነኛ ድድ ብዙውን ጊዜ ሮዝ ነው። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነም አለ፤ ስለዚህ ደህና እያለ አይታችሁ ቀለሙን ያዙ። ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከመሰለ አደጋ ነው።

6. ቢወድቅስ?

አትጎትቱት፣ በግድም አታቁሙት። ጥላ ካለ ወደ ጥላ አምጡት። ሰውነቱ ከጋለ ሆዱንና መዳፎቹን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱ፤ በረዶ ግን አይሁን። ራሱን ስቶ ከሆነ አፉ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ትልቅ ሰው ጥሩ። ከዚያ በጋቢ ወይም በጆንያ ላይ አድርጋችሁ ለሁለት ያዙትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። የሚያመው ውሻ የሚወደውን ሰውም ሊነክስ ስለሚችል ፊታችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ አትስጡት። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። "እኔን አሽሎኛል" ማለት ለእሱ ይሆናል ማለት አይደለም። አባዬ ለወገቡ የሚወስደውን ክኒን ለመከታ ልሰጥ አስቤ ነበር። እንኳን ጠየቅኩ!

7. መውጣት በማይቻልበት ቀን

ክረምት ላይ ወይም የጠዋቱን ፈተና በወደቀበት ቀን ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ። ትንሽ ምግብ በሦስት ጣሳ ሥር ደብቃችሁ አሽትቶ እንዲያገኝ አድርጉ። አይሮጥም፣ አይዘልም፣ ግን ያስባል፤ ከጨረሰ በኋላም ደስ ብሎት ይተኛል። የሚተኛበት ሲሚንቶ ላይ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ዱላ ወይም ኳስ እየወረወራችሁ ግን አታስሮጡት። ድንገት መዝለልና መታጠፍ ያረጀ ጉልበት የማይችለው ነው።

እንግዲህ ይህንን ያህል ካልኩ አሁን መከታ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወር ከሁለት ሳምንት ሆኖታል። አሁን በአንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ይራመዳል። ከዚያ በላይ ይጨምር እንደሆነ አላውቅም፤ ሐኪሙም "ቁጥሩን አታሳድጂ፣ ውሻውን እዪ" ብለውኛል። እኔ ሩጫዬን ብቻዬን እሮጣለሁ። ስመለስ በር ላይ ጠብቆኝ አብረን ቀስ ብለን እንሄዳለን።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም መጣ። እማማ ከግቢ መውጣት ትታ ነበር። "ከእናንተ ጋር ማን ይሮጣል" ትል ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ዱላዋን ይዛ "ከዚህኛው ጋር እንኳን እኩል ነኝ" ብላ ወጣች። ሦስታችን እስከ ጥግ ድረስ ሄደን ተመለስን። ማንም ማንንም አልጎተተም። አባዬ በር ላይ ቆሞ ሲያየን ነበር። ስንገባ ለመከታ ውሃ የቀዳለት እሱ ነው።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን ልጆች አንድ ልመና አለኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መቀነት የታሰረ፣ አፉ የሸበተ ቡናማ ውሻ ይዤ ስታዩኝ እባካችሁ ድንጋይ አታንሱ። መሮጥ አይችልም። በጎኑም በሩጫ አትለፉ፤ ጆሮው ስለደከመ ይደነግጣል። ልታዩት ከፈለጋችሁ ከፊት ለፊቱ ቀስ ብላችሁ ኑ፤ እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ያሽትታችሁ። መጀመሪያ ግን እኔን ጠይቁኝ። እሺ እላችኋለሁ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ አበው። ለዛሬ በዚህ አበቃሁ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!